ደን ያልጠየቀው ማዳበሪያ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን ስለ ደን የሚወጡ ጽሑፎችን ለዓመታት ተከታትያለሁ። የሚነሱት ጉዳዮች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ምንጣሮ፣ ሰደድ እሳት፣ ከሰል፣ የእርሻ መስፋፋት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የሚተከለው ችግኝ ብዛት። ሁሉም ሊነሱ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን መጥረቢያ ያልነካው፣ እሳት ያልደረሰበት፣ ጥበቃ የተመደበለት ደን እንኳ ከአየር በሚወርድበት ናይትሮጅን ምክንያት አፈሩ ሊለወጥና የዕፅዋቱ ዓይነት ሊመናመን እንደሚችል ሲነገር አልሰማሁም፤ አላነበብኩምም። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በችግኝ ጣቢያና በደን ልማት ሙያ ነው። በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በወንዶ ገነትና በአካባቢያችን በቀሩት የተፈጥሮ ደኖች ላይ በዓመት ምን ያህል ናይትሮጅን እንደሚወርድ በቋሚነት መለካት ይጀመር፤ ይህም ጉዳቱ ለሁሉም ዓይን ከመታየቱ በፊት ይሁን።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ አተሞቹ እጅግ አጥብቀው የተያያዙ በመሆናቸው ግን ዕፅዋት በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ይህን ማሰሪያ ለረጅም ዘመን ሲፈቱ የኖሩት በዋናነት መብረቅና፣ እንደ ብርብራና ሰሳ ባሉ ዛፎች እንዲሁም እንደ ባቄላና አተር ባሉ ሰብሎች ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ ካሳየና ካርል ቦሽም እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራውን ወደ ፋብሪካ ካሸጋገረው ወዲህ ግን የሰው ልጅ ከመብረቁም ከባክቴሪያውም ጋር የሚፎካከር የናይትሮጅን ምንጭ ሆኗል። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ ዘዴ በተገኘ ማዳበሪያ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ ግኝቱን የሚያጥላላ ሰው የተራበ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ሆኖም ማሳ ላይ ከተጨመረው ናይትሮጅን ግማሽ የሚጠጋው ወደ ሰብሉ አይገባም። ያልገባው ወደ ወንዝ፣ ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ አየር ይሄዳል፤ ወደ አየር የሄደውም አንድ ቦታ መውረዱ አይቀርም።

እኛ አካባቢ እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ። ዩሪያው በእርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ በአፈር ሳይሸፈን ከቀረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ እየተለወጠ ይተናል፤ ፀሐይና ነፋስ ከተጨመረበት ደግሞ ትነቱ ይብሳል። በቆሎው ጉልበት ላይ ሲደርስ ዩሪያ የሚደገምበት ወቅት በማሳ መካከል በጠዋት ያለፈ ሰው ያን አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የበረት ሽንት የሚመስል ሽታ ያውቀዋል። የሚሸተው የገበሬው ገንዘብ ነው። በወንዶ ገነት ቁልቁለት ደግሞ የጫት፣ የሸንኮራ አገዳና የአትክልት ማሳዎች ከደኑ ጋር ኩታ ገጠም ሆነው ስለሚገኙ፣ አሞኒያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተነሣበት ብዙ ሳይርቅ የሚወርድ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ተቀባይ ከማሳው ጀርባ የቆመው ዛፍ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ሞተር ነው። በሞተር ውስጥ ባለው ከፍተኛ ሙቀት የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም በአየር ላይ ወደ ናይትሪክ አሲድ ይለወጣሉ። የሐዋሳን ባጃጆችና በሞያሌ መንገድ ሌት ተቀን የሚመላለሱትን የናፍጣ መኪኖች እዚህ ላይ ማሰብ ይቻላል። የከሰል፣ የቆሻሻና የገለባ ቃጠሎም የራሱን ይጨምራል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተደረገው በዋናነት የውጭ ምንዛሪን ለማዳን ቢሆንም፣ ከዚህ አንፃር ሲታይ ደንንም የሚጠቅም ውሳኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

ደን ደግሞ ከሜዳ ይልቅ ይህን ሁሉ አብዝቶ ይቀበላል። የዛፍ አናት ሸካራ በመሆኑ ነፋሱን እንደ ወንፊት ያጣራዋል፤ ቅጠል ላይ ያረፈው በሚቀጥለው ዝናብ ታጥቦ ወደ ሥሩ ይወርዳል። የደን ጠርዝ ከመሐሉ አብልጦ እንደሚቀበል በብዙ አገሮች የተደረጉ ልኬቶች አሳይተዋል። ይህ ነጥብ ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል፤ የቀረን ደን ቁርጥራጭ ነውና። ሰፊ ደን ጠርዙ ቢጎዳ መሐሉ ይተርፋል፤ በማሳ የተከበበ ትንሽ ደን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርዝ ነው።

አፈር ውስጥ የሚሆነውን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። የወረደውን አሞኒያ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለውጡት አሲድ ይለቀቃል። ናይትሬት ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው በመሆኑ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው የሸክላ ቅንጣቶች አይዙትም፤ ዛፉ ካልወሰደው ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። ሲሰርግም ብቻውን አይደለም፤ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን አስከትሎ ይወርዳል። አፈሩ እነዚህን ባጣ ቁጥር አሲዳማነቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ በአፈሩ ማዕድን ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል። ጫፉ የተመረዘ ሥር አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም። የሲዳማ ደጋ ገበሬዎች፣ በተለይ በሐገረ ሰላም በኩል ያሉት፣ አሲዳማ አፈር ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ የልማት ሠራተኛው ኖራ እንዲበትኑ ይመክራቸዋል። ደን ላይ ግን ማን ኖራ ይበትናል? ጀርመኖች በሄሊኮፕተር ሳይቀር በትነዋል፤ እኛ ለማሳው የሚበቃ ኖራ በሰዓቱ ማድረስ አቅቶን ሳለ ይህን ማሰቡ ቅንጦት ይሆናል።

ለሚዛናዊነት ያህል፣ በወንዶ ገነት አካባቢ ያለው አፈር ከእሳተ ገሞራ የተገኘና የማዕድን ክምችቱ ደህና በመሆኑ፣ አሲዱን ከብዙ የጥንት አፈሮች የተሻለ እንደሚቋቋም መናገር አለብኝ። ይህ ጊዜ ይሰጠናል እንጂ ነፃ አያወጣንም። በተጨማሪም በሞቃታማ አገሮች የሚገኙ ብዙ ደኖች የሚጎድላቸው ፎስፎረስ እንጂ ናይትሮጅን አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ደን ናይትሮጅን መጨመር ጠግቦ ለተነሣ ሰው እንጀራ እንደመጨመር ስለሆነ፣ ትርፉ በቀጥታ ወደ መታጠቡ ይሄዳል። የኛ ውኃ ደግሞ የሚሄደው መውጫ ወንዝ ወደሌለው ሐይቅ ነው፤ በጥቁር ውሃ በኩል የገባ ናይትሬት ከሐዋሳ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር አይፈስም። የሐይቁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚጠይቅ በዚህ አልፈዋለሁ።

ከአፈሩ ኬሚስትሪ ያልተናነሰው ጉዳይ የፈንገሱ ነው። አብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎቻችን፣ ዝግባና ጥድ ጭምር፣ ማይኮራይዛ ከሚባሉ ፈንገሶች ጋር በሥራቸው ተቆራኝተው ይኖራሉ። ፈንገሱ ፎስፎረስና ውኃ ከሩቅ ያመጣል፤ ዛፉ በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ይከፍለዋል። ናይትሮጅን በሽ በሽ ሲሆን ዛፉ ከሥሩና ከፈንገሱ ቀንሶ ወደ ቅጠሉ ያዞራል። ከሩቅ ለሚያየው ዛፉ ያማረበት ይመስላል፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይወፍራል። ከመሬት በታች ግን ፈንገሱ ይሳሳል፣ ሥሩ ያጥራል፤ ናይትሮጅን የበዛበትን ቅጠል ደግሞ ትልና ነፍሳት ይወዱታል። በልግ የዘገየ ዓመት የሚደርቀው እንዲህ ያማረበት ዛፍ ሊሆን ይችላል። በችግኝ ጣቢያ ሥራዬ ይህን በትንሹ አይቼዋለሁ፤ በዩሪያ ተገፍቶ ያደገ ችግኝ ከፕላስቲኩ ሲወጣ አናቱ ክንድ ያህል ሆኖ ሥሩ ግን እፍኝ አይሞላም፤ ለምርቃት ቀን ፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ከመስከረም በኋላ ያለውን ፀሐይ አይችለውም።

ከዛፍ በታች ያለው ዓለም ቀድሞ ይለወጣል። ወደ ደን ሲገባ ብዙ ሰው ቀና ብሎ ግንድ ያያል፤ እኔ ጎንበስ ብሎ ማየትን እመርጣለሁ። ከጫት ማሳው ተነሥቶ ወደ ደኑ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ሳማ ነው፤ ከሳማው ጋር አስተናግርና የወፍ ቆሎ ተደባልቀው ይታያሉ። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ እነዚህ እየሳሱ ሄደው ፈርንና የዝግባ ቡቃያ በጥላው ሥር ይታያሉ። ሳማ የድሮ በረት የነበረበትን ቦታ የሚያሳውቅ ተክል መሆኑን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ናይትሮጅን ከበዛበት አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ጠርዝ ላይ ብርሃንም አለ፣ ከብትም ይገባል፤ ስለዚህ ሳማው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሥጋቱ ግን ግልጽ ነው፤ ጉልበተኛና ፈጣን የሆኑት ጥቂት ዓይነቶች ትርፉን ተሻምተው ሲወስዱ፣ በትንሽ መብል መኖርን የለመዱት ብዙዎቹ ጥላ አጥተው ሳይሆን ቦታ አጥተው ይሞታሉ። የዝግባ ቡቃያ ደግሞ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ በዚህ ሽሚያ ከተሸናፊዎቹ ወገን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበትና ሌሎች ላይከኖችም ምግባቸውን በቀጥታ ከአየርና ከዝናብ ስለሚወስዱ ብዙዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ይጎዳሉ፤ እነርሱን መመልከት ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ መላ ምት አይደለም። በእንግሊዝ ሮታምስቴድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ሳይቋረጥ በቀጠለው የሣር መሬት ሙከራ፣ ማዳበሪያ ያልነካቸው መደቦች ከ40 በላይ የዕፅዋት ዓይነት ሲይዙ፣ አሞኒየም ሰልፌት የሚባል የናይትሮጅን ማዳበሪያ በብዛት የተሰጣቸውና ኖራ ያልተጨመረባቸው መደቦች አፈራቸው ፒኤቹ ከ4 በታች ወርዶ በጥቂት የሣር ዓይነቶች ብቻ ተውጠዋል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በሃርቫርድ ደን እ.ኤ.አ. በ1988 በተጀመረው ሙከራ፣ በዓመት በሄክታር 150 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን የተጨመረባቸው የፓይን ዛፎች መጀመሪያ ዕድገታቸው ተገታ፣ ቀጥሎም ብዙዎቹ ሞቱ፤ እዚያው ደን ውስጥ የነበሩት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ግን እድገታቸው ጨምሯል። ናይትሮጅን ለሁሉም እኩል መርዝ እንዳልሆነ፣ አንዱን እያሳደገ ሌላውን እንደሚገድል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለእኛ የሚቀርበው ግን በደቡብ ቻይና በዲንግሁሻን የተካሄደው ነው፤ በዚያ ሞቃታማና ያረጀ ደን ውስጥ ከፍተኛው መጠን ሲጨመር፣ ከዛፎቹ በታች ያሉት ቡቃያዎችና ፈርኖች ብዛትም ዓይነትም ቀንሷል።

ሆላንድ ደግሞ ነገሩን ሳይለካ ሳይሆን እየለካ ችላ ያለ አገር ምን እንደሚገጥመው አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዋናነት ከከብትና ከአሳማ እርባታ የሚነሣው አሞኒያ በአማካይ በዓመት በሄክታር ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ናይትሮጅን እንዲወርድ አድርጎ ነበር፤ የአውሮፓ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ደኖች ሊሸከሙት የሚችሉት ብለው ያስቀመጡት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ነው። በቁጥቋጦ አበባ የታወቁ ሰፋፊ መሬቶቻቸው ወደ ሣር ተለወጡ። በአሲዱ ካልሲየም በታጠበባቸው ደኖች ቀንድ አውጣ ጠፋ፤ ቀንድ አውጣውን እየለቀሙ የእንቁላላቸውን ቅርፊት የሚያጠነክሩ ትናንሽ ወፎችም ቅርፊቱ የሳሳ፣ በመታቀፍ ላይ ሳለ የሚሰበር እንቁላል መጣል ጀመሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የናይትሮጅን ፈቃድ አሰጣጡን ሲሽረው የመንገድና የቤት ግንባታ ፕሮጀክቶች ቆሙ፤ በዚያው ዓመት ገበሬዎቹ በትራክተር አውራ ጎዳና ዘጉ። ጉዳዩ ፖለቲካ ከመሆኑ በፊት የአፈር ጉዳይ በነበረበት ዘመን ቢያዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

«እኛ እኮ ማዳበሪያ የጎደለን እንጂ የተረፈን አገር አይደለንም» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነትነት አለው። ማሳችን ባለፉት ዘመናት ከተሰጠው ይልቅ የተወሰደበት ይበልጣል፤ ዩሪያ ይቀነስ የሚል ሐሳብም የለኝም። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ያታልላል። ለረጅም ጊዜ ለገበሬው ሲሰጥ የኖረው ምክር በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር፤ በናይትሮጅን ሲሰላ 64 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ላይ የተወሰነው ተንኖ በማሳው ጀርባ ባለች ጠባብ ደን ላይ ቢያርፍ ለዚያች ደን አማካዩ ምኗም አይደለም። ደግሞም አቅርቦቱ ባለበት አይቆምም፤ በሶማሌ ክልል በጎዴ ትልቅ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ስምምነት ተፈርሟል፤ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። ዩሪያ እንደ ልብ ሲገኝ አጠቃቀሙም አብሮ ካልተሻሻለ ግን ውጤቱን ሌሎች አገሮች ጽፈውልናል።

እኔ የማየው መፍትሔ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዩሪያን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከሰብሉ ጎን ቀብሮ አፈር ማልበስ ትነቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ይህን የልማት ሠራተኞች ያውቁታል፣ የሚጎድለው ክትትልና ጉልበት ነው። ገበሬውም የሚያደርገው ለደን ብሎ ሳይሆን ለኪሱ ብሎ ነው፤ እንዲያውም ይሄ ይሻላል። በተፈጥሮ ደን ጠርዝ ላይ ማዳበሪያ የማይነካው፣ እንሰት ወይም ቁጥቋጦ የሚለማበት መከለያ መተው ሁለተኛው ነው፤ እዚህ ላይ መሬት ማጣት ስላለ ያለ ካሳ ይደረግ ብዬ አልናገርም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ለሚተከሉ አገር በቀል ችግኞች ደግሞ፣ በተፈጥሮ ደን ውስጥ የሚተከሉት ከሆነ፣ ዩሪያ እንዳይጨመር መመሪያ ቢወጣ መልካም ነው፤ ከአሮጌው ዛፍ ሥር የተወሰደ እፍኝ አፈር ፈንገሱን ይዞ ስለሚመጣ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ሆነ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በእጃችን አሉ፤ ሕግ አልጎደለንም።

የጎደለው ልኬት ነው። ከ40 ዓመት በላይ የደን ባለሙያ ሲያፈራ የኖረው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በራሱ ጓሮ ደን አለው፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የአፈርና የውኃ ቤተ ሙከራ አለው። በአንድ ገላጣ ቦታ፣ በደኑ ጠርዝና በደኑ መሐል በቧንቧና በጀሪካን የተሠሩ የዝናብ መሰብሰቢያዎችን ተክሎ፣ በየሳምንቱ የተጠራቀመውን ውኃ ለአሞኒየምና ለናይትሬት መመርመር ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበዛ ሥራ አይደለም። የሚያስቸግረው ተማሪው ከተመረቀ በኋላ የሚቀጥለው ሰው ማግኘት ነው፤ የሮታምስቴድ ሙከራ ዋጋም ያለው ባለመቋረጡ ነውና። ስለዚህ ጥያቄዬ ለግለሰብ ተመራማሪ ሳይሆን በጀት ለሚመድበው አካል ነው፤ አንድ ቴክኒሻን፣ ጥቂት መሰብሰቢያ፣ የማይቋረጥ መዝገብ። ሥራው የሚጀመረው በበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋው ወራት በቅጠሉ ላይ የተከማቸውን አቧራ፣ ጭስና አሞኒያ አጥቦ የሚያወርደው እርሱ ስለሆነ ያ ዝናብ ካመለጠ የዓመቱ ሒሳብ ጎደሎ ይሆናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የደን ባለሙያ፣ ከሐዋሳ